ከሚቀዳው ደም የዓይንን ዕጣ ማወቅ ይቻላልን? ከጎጃም የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ክሩን፣ ማለትም በመድረካችን ላይ የተነሣውን ተከታታይ ውይይት፣ የከፈቱት በደብረ ማርቆስ በላቦራቶሪ ሙያ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የስኳር ሕመምተኞች ለክትትል በመጡ ቁጥር ደም እንደሚሰጡ፣ ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ግን የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል፣ ማለትም ሬቲናቸው፣ የታየላቸው እጅግ ጥቂቶች እንደሆኑ ጻፉ። ከዚያው ደም ላይ ዘረመልን ወይም ከዘረመል የሚመነጩ ሞለኪውሎችን መርምሮ የማን ዓይን እንደሚጎዳ አስቀድሞ መለየት ይቻል እንደሆነም ጠየቁ። ጥያቄያቸው ወዲያው ወደ አቋም ተለወጠ፤ አንድ ቱቦ ደም ከቢቸና፣ ከሞጣ ወይም ከሉማሜ ተነሥቶ ባሕር ዳር ድረስ ለዓይን ምርመራ መመላለስን ያስቀራል አሉ።

የመድረኩ አወያይ እንደመሆኔ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዲያነብ ከመጠየቅ ይልቅ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ አስቀምጣለሁ፤ የማንንም ቃል እንዳለ አልጠቅስም፤ ፍርዴን መስጠት ያለብኝ ቦታ ላይ ግን አልደብቅም።

መልስ 1 የመጣው ከቡሬ፣ ለረዥም ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር ከኖሩ መምህር ነው። ጠያቂውን አመስግነው፣ ምርመራው ካለ ከፍለውም ቢሆን እንደሚያደርጉት፣ ዓይናቸው ግን እስካሁን ደህና እንደሆነና የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ ከክፍሉ ኋላ ሆነው እንደሚያነቡ ገለጹ።

በመልስ 2 በባሕር ዳር የዓይን ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያ መምህሩን በጥንቃቄ አረሟቸው። በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ የሚቆይ ስኳር በመጀመሪያ የሚጎዳው የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፤ ሥሮቹን ደግፈው የሚይዙት ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ግድግዳው እየሳሳ ትንንሽ እብጠቶች ያወጣል፣ ደምና ስብ ያፈስሳል፤ አንዳንዱ ሥር ሲዘጋ ደግሞ ኦክስጅን የተነፈገው ሬቲና አዳዲስ ግን ደካማ ሥሮች እንዲያድጉ ምልክት ይልካል፤ እነዚህም ሲፈነዱ ዓይን በደም ይሞላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም፤ የእይታው ማዕከል እስካላበጠ ወይም ድንገተኛ መድማት እስካልመጣ ድረስ ሰውየው ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል። በመላው ዓለም የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከስኳር ሕመምተኞች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት የሆነ ደረጃ የሬቲና ጉዳት አለባቸው፤ ከአሥሩ አንዱ ደግሞ ብርሃኑን ሊያሳጣው የሚችል ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን ማንበብ ማረጋገጫ አይሆንም ብለው፣ መምህሩ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲታዩ በአክብሮት ለመኗቸው። እኔም ከክሩ ሁሉ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ይህ መልስ ነው እላለሁ።

መልስ 3 በባዮቴክኖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የምትከታተል ወጣት የጻፈችው ሲሆን፣ ከመነሻው ሁለት ነገሮች መደባለቃቸውን አሳየች። ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣው ዲኤንኤ፣ ማለትም ዘረመሉ የተጻፈበት ሞለኪውል፣ ከልደት እስከ ሞት በመሠረቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሊናገር የሚችለው ዝንባሌን ብቻ ነው፤ ሰውየው ዛሬ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ አያውቅም። በደም ውስጥ የሚገኘውና ከዲኤንኤ የሚቀዳው አርኤንኤ፣ በተለይም ሃያ ሁለት ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት ማይክሮ አርኤንኤ፣ እንዲሁም በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉት ኬሚካላዊ ምልክቶች ግን ከሕመሙ ጋር ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያው ማን ይጎዳ ይሆን ለሚለው ጥያቄ፣ ሁለተኛው ማን እየተጎዳ ነው ለሚለው ሊያገለግሉ ይችላሉ። የ2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለቪክተር አምብሮስና ለጋሪ ራቭከን የተሰጠው ማይክሮ አርኤንኤን በማግኘታቸው መሆኑን አስታውሳ፣ ከግኝቱ እስከ ታማሚው አልጋ ያለው መንገድ ገና ረዥም እንደሆነ ጨመረች።

መልስ 4 አጭርና ትንሽ የቸኮለ ነበር፤ ጸሐፊው ስኳሩን የተቆጣጠረ ዓይኑን ይጠብቃል፣ ያልተቆጣጠረ ያጣል፣ ታዲያ ዘረመል እዚህ ምን አገባው አሉ። መልስ 5 ይህን በሰፊው መለሰ። ጸሐፊው ሐኪም እንደሆኑ ከአነጋገራቸው ይታወቃል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ዓይነት 1 (ሰውነታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ) የስኳር ሕመምተኞችን ይዞ በ1993 የተጠናቀቀው ታላቅ ሙከራ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ሬቲናቸው ገና ባልተጎዳ ሰዎች ላይ የጉዳቱን መጀመር በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ስለዚህ መልስ 4 ግማሽ እውነት ይዟል። ነገር ግን የዚያው ሙከራ መረጃ በ2008 እንደገና ሲሰላ፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይና ሕመሙ የቆየበት ጊዜ ተደምረው ሊያብራሩ የቻሉት በሰዎች መካከል ካለው የጉዳት ልዩነት 11 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በኢንሱሊን ከኖሩትና በቦስተን የጆስሊን ማእከል ከሚጠኑት ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት አዳዲስ ደካማ ሥሮች ወደሚያድጉበት ከባድ ደረጃ ፈጽሞ አልደረሱም፤ ልዩነታቸውንም የስኳር ቁጥጥራቸው አላብራራውም። በፊንላንድ በወንድማማችና በእኅትማማች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ለከባዱ ደረጃ ከሚኖረው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ የሚወረስ መሆኑን ገምቷል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ የደረደሩት ቁጥጥሩን ለማቃለል አልነበረም፤ ዘረመልን መፈለግ ከንቱ ድካም አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

መልስ 6 ከዳንግላ ነው። አንዲት እናት ስለ ሁለት ወንድሞቿ ጻፈች፤ ታላቁ መድኃኒቱን እየረሳ፣ በድግሱም ጠላውን ሳይተው ዓይኑ ደህና ነው፤ ታናሹ ግን መርፌውን በሰዓቱ እየወጋ፣ እህሉን እየመጠነ የዓይን ሌዘር ሕክምና አስፈልጎታል፤ ስለዚህ ነገሩ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የዘር ነው አለች። በመልስ 7 ውይይቱ የመጀመሪያውን ጠንካራ ቃል አስተናገደ። ጸሐፊው የአንድ ቤት ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን፣ እንዲህ ያለው ወሬ ሰውን መድኃኒት እንደሚያስጥል በቁጣ ጻፉና፣ የታናሹ ደም ግፊት ተለክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ አነጋገሩ ግን ለእኅት የሚነገር አልነበረምና አወያይ ሆኜ ይህንኑ አሳሰብኩ። እርሷ ግን በመልስ 8 ሳትቀየም ታናሹ ግፊት እንዳለበት ዘግይቶ መታወቁን ነገረችን። መልስ 5ን የጻፉት ሐኪም ተመልሰው፣ በብሪታንያ በ1998 የወጣው ጥናት ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር የሬቲና ጉዳት መባባስን በ34 በመቶ እንደቀነሰ አስረዱ። ይህ በ9ኛው ቁጥር ላይ ነው።

በመልስ 10 የጠያቂው ትዕግሥት ያለቀ ይመስል ነበር፤ የትኛው ዘረመል እንደሆነ ስሙ ይጠራ አሉ። ወጣቷ ተማሪ በመልስ 11 ጠራችው። የአዳዲስ የደም ሥሮችን እድገት የሚያዝዘው ቪኢጂኤፍ፣ ግሉኮስን ወደ ሶርቢቶል የሚለውጠው አልዶዝ ሪዳክቴዝ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲመረቱ የሚያዝዘው የኤሪትሮፖይቲን ዘረመል መነሻ ክፍል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር ጥናት ጎልተው ታይተው በሌላው የጠፉ ናቸው። መላውን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር የሚፈትሹ ጥናቶች ሲመጡ ተስፋው ታድሶ ነበር፤ በ2015 ከአውስትራሊያ የወጣው ጥናት ጂአርቢ2 ከሚባለው ዘረመል አጠገብ አንድ ልዩነት አመለከተ። በ2019 የወጣው፣ አውሮፓውያንን፣ አፍሪካ አሜሪካውያንንና እስያውያንን ያጣመረው ሰፊ ጥናት ግን ያገኛቸውን ምልክቶች በሌሎች የታማሚ ስብስቦች ላይ ሊደግማቸው አልቻለም። የእያንዳንዱ ልዩነት ጉልበት ትንሽ ስለሆነ፣ ዛሬ በአንድ ዘረመል ብቻ ለአንድ ሰው ዓይንህ ይተርፋል ወይም አይተርፍም የሚል ሐኪም ካለ ከማስረጃው አልፏል። ይህን መስመር ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ የክሩም አከርካሪ እርሱ ነው።

መልስ 12 ከእንጅባራ የመጣ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው ምራቁን በፖስታ ልኮ የዘረመል ውጤት እንደተቀበለ፣ ለስኳር ሕመም ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ ነው መባሉን፣ እርሳቸውም የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ የእርሳቸውም ዓይን እንደተረፈ መረዳታቸውን ጻፉ። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ወረዱባቸው። ከሦስቱ መልሶች ቁጥር 14 ብቻ ይጠቅማል፤ ስኳር ሕመም የመያዝ ዝንባሌና ከያዘ በኋላ ዓይን የመጎዳት ዝንባሌ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የወንድምም ውጤት የወንድም እንጂ የራስ አለመሆኑን በእርጋታ አስረድቷል። የቀሩት ስድብ ስለነበሩ አንሥቻቸዋለሁ።

መልስ 16 ላይ ጠያቂው ራሳቸው በሙያቸው ገቡ፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ከፍ አለ። ማይክሮ አርኤንኤን ተስፋ አድርገው እንደነበር አምነው፣ በ2010 በጣሊያን ብሩኒኮ ነዋሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሚር-126 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ በስኳር ሕመምተኞች ፕላዝማ (ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚቀረው የደም ፈሳሽ) ውስጥ ዝቅ ብሎ መገኘቱን፣ በ2016 ደግሞ ሚር-27ቢ እና ሚር-320ኤ በዓይነት 1 ሕመምተኞች ላይ ወደፊት ከሚመጣ የሬቲና ጉዳት ጋር መያያዛቸውን ማንበባቸውን ገለጹ። ከዚያ ግን የሥራ ጠረጴዛቸውን አሳዩን። ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ መቀዳት አለበት፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴው ግን የፒሲአርን፣ ማለትም ዘረመላዊ ሞለኪውሎችን አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ፣ ሥራ ያሰናክላል። ቱቦው ሲሽከረከር ከላይ የሚንሳፈፈው ፕላዝማ የጠጅ ቀለም ሊይዝ ይገባል፤ ከገጠር ጤና ጣቢያ በሞተር ብስክሌት እየተንገጫገጨ የመጣ ናሙና ግን ብዙ ጊዜ ቀልቶ ይታያል። ይህም የቀይ ሕዋሳት መፍረስ ነው፤ ሕዋሳቱ በውስጣቸው ያለውን ሚር-451 እና ሚር-16 ስለሚያፈስሱ ልኬቱ የሚናገረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ዓይኑ አይሆንም። ሚር-126 ደግሞ ደም ከሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ከፕሌትሌትም ስለሚመጣ፣ ታማሚው ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል። ከውጭ መጽሔት የተወሰደ፣ ጤነኛውን ከታማሚው የሚለይ ቁጥር በእኛ በረዶ ሣጥንና በእኛ መንገድ ላይ እንዳለ ሊሠራ እንደማይችል የተናገሩት፣ ክሩን በተቃራኒው አቋም የከፈቱት እኚሁ ሰው ናቸው።

መልስ 17 የሕዝቡን ጉዳይ አነሣ። እስከ 2018 ድረስ በዘረመል ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ የአፍሪካውያን ድርሻ 2 በመቶ ያህል ነበር። በ2015 የወጣው የአፍሪካ ጂኖም ልዩነት ጥናት የአማራ፣ የኦሮሞና የሶማሌ ናሙናዎችን ከኢትዮጵያ ማካተቱ ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ የተካተቱት የሬቲና ምርመራ ያላቸው ታማሚዎች አይደሉም። ጸሐፊው ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ ጨመሩ፤ ከጎንደርና ከጅማ ገጠሮች በ2009 የተዘገቡት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ታማሚዎች በድህነትና በምግብ እጥረት ያደጉ ቀጫጭን ወጣቶች ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም ዓይነት 5 ብሎ ለይቷል። በሄልሲንኪ ወይም በኤድንብራ የተፈተነ ጠቋሚ ለአንድ የጎንቻ ገበሬ ይሠራል ብሎ መነሣት አይቻልም። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ እንኳ ወባ ወይም ቀይ ሕዋሳትን ከሚያፈርስ ሕመም የመጣ ደም ማነስ ባለበት ሰው ላይ፣ ቀይ ሕዋሳቱ ቶሎ ስለሚያልቁ፣ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊነበብ እንደሚችል አስታወሱ። ወደ አባይ በረሃ ወረድ ብለው ለሚኖሩት ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ሸሸ። መልስ 18 በአማራ ክልል ትራኮማ ገና ሳይጠፋ ስለ ዘረመል መነጋገር ቅንጦት ነው አለ፤ መልስ 19 ትራኮማ የሚጎዳው የዓይንን ፊተኛ ክፍል፣ ስኳር ደግሞ ኋለኛውን መሆኑን፣ አንዱን ለማከም ሌላውን መተው እንደማያስፈልግ መለሰ። መልስ 20 ስለ ጾምና ስለ ጠበል ነበር፤ የሚጾምም ሆነ የሚጠመቅ ኢንሱሊኑን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥና ከሐኪሙ ጋር እንዲማከር ከቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ወገን የተሰጠውን ምክር ወድጄዋለሁ፤ የቀረው ክርክር ግን የሌላ ክር ነውና ወደዚያ አዛውሬዋለሁ።

መልስ 21 ስሌት ብቻ ነው፤ የጻፉት የሒሳብ መምህር ናቸው። 1,000 ታማሚ አለ እንበል፤ ከእነዚህ 100ው ብርሃንን የሚያሰጋ ጉዳት አለባቸው። የታመሙትን ከመቶ 80 የሚይዝ፣ ያልታመሙትንም ከመቶ 80 በትክክል የሚያሰናብት የደም ምርመራ ቢገኝ፣ 80ውን ይይዛል፣ 20ውን ደህና ናችሁ ብሎ ወደ ቤታቸው ይሰዳል፤ ከ900ው ጤነኞች ደግሞ 180ውን ያስደነግጣል። ምርመራው ታመሃል ካላቸው 260 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት ሲሶ እንኳ አይሞሉም። መምህሩ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ እነዚያን 20 ሰዎች ማን ይነግራቸዋል?

መልስ 22 ከሁሉ የከረረው ነው። ጠያቂው፣ ከተማ ተቀምጦ ኑና ታዩ ማለት ቀላል መሆኑን ጻፉ። ከገጠር የመጣ አዛውንት የትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን የአስታማሚ ወጪም አለበት፤ ለምርመራው ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ብሌኑን ለሰዓታት ከፍቶ ስለሚያቆየው፣ ከምርመራው ሲወጣ የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው፣ በጋቢው ግንባሩን ከልሎ የልጁን ክንድ ይዞ ነው መናኸሪያ የሚደርሰው፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል፤ ቀጣዩም ከወራት በኋላ ይሆናል። ይህን ያህል የተቆጡት ስለ ራሳቸው ክብር አልነበረም፤ ስለሚያውቋቸው ታማሚዎች ነው፤ ለዚህም ነው መልሱን ያላነሣሁት።

የባሕር ዳሩ የዓይን ባለሙያ በመልስ 23 አልተከራከሯቸውም፤ ችግሩ እውነት ነው ብለው ሌላ መንገድ አመለከቱ። ታማሚው ወደ ካሜራው ከሚመጣ ካሜራው ወደ ታማሚው ይሂድ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጠብታ ሬቲናን ፎቶ የሚያነሡ፣ በእጅ የሚያዙ ካሜራዎች አሉ፤ ነርስ ልታነሣበት ትችላለች። ፎቶውን ያለ ሐኪም የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በ2018 ነው፤ በ2019 ደግሞ በሲንጋፖር የሠለጠነ ሥርዓት በዛምቢያ ታማሚዎች ፎቶ ላይ ተፈትኖ በጥሩ ሁኔታ ሠርቷል። ፎቶ ዛሬ ያለውን ጉዳት ያሳያል፤ ጉዳቱ ከተገኘም ሌዘር አለ፤ ሌዘር በከባዱ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎችን ከባድ የእይታ ማጣት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከ1976 ጀምሮ ይታወቃል። የደም ጠቋሚው አንድ ቀን ሲመጣ ሥራው የካሜራውን ወረፋ ማስተካከል እንጂ ካሜራውን መተካት አይሆንም። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፤ ማንንም ከምርመራ ነፃ የሚያወጣ የደም ውጤት ዛሬ የለም፤ ማን ይቅደም ለሚለው ግን ወደፊት ሊረዳ ይችላል።

መልስ 24ን የጻፉ አንድ አባት ከሞጣ ስለ ጋብቻ ተጨነቁ። ለጋብቻ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር የአንድ ሰው የዘረመል ውጤት የቤተሰቡ ሁሉ ውጤት ይሆናል፤ የእነ እገሌ ቤት ዓይን የሚያጠፋ ዘር አለበት የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አሉ። መልስ 25 ይህን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ናቀው። ንቀቱ ተገቢ አልነበረም፤ ናሙና የሚሰበስብ ሁሉ ውጤቱ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ደሙ ወደ ውጭ ከተላከ ማን እንደሚጠየቅበት፣ ለታማሚውም በሚገባው ቋንቋ ምን እንደሚነገረው አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ የአባታችን ሥጋትም በትክክል ይኸው ነው።

በመልስ 26 ጠያቂው ረጋ ብለው ተመለሱ። ከነጋ ጀምሮ የሚያደርጉትን ነገሩን፤ በመዝገባቸው ላይ ካሉት ታማሚዎች ሕመሙ ከቆየ፣ የሦስት ወሩ አማካይ ከፍ ካለ፣ ግፊት ካለበት፣ ሽንቱም ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ሰው ጀምረው ስም ዝርዝር ለክትትል ክፍሉ ይሰጣሉ፤ ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ ወዲያው፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን የሬቲና ምርመራ ማድረግ እንዳለበትም በዝርዝሩ ራስጌ ይጽፉበታል። የቡሬው መምህር በመልስ 27 ስማቸው ከላይ እንዲጻፍ ጠየቁ።

መልስ 28 ከፍኖተ ሰላም፣ ስኳር እያለባት ካረገዘች ሴት የመጣ ነው፤ እስከምትወልድ መጠበቅ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የዓይን ባለሙያው በዚያው ቀን መለሱላት፤ እርግዝና ቀድሞ የነበረን የሬቲና ጉዳት ሊያፋጥነው ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት፤ ከዚያም ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ትደግማለች፤ ከወለደችም በኋላ አታቋርጥም። ወረፋ እንዳይዛት የእርግዝና ክትትል ካርዷን ይዛ እንድትመጣም ነገሯት።